ኮዬ ፈጬ፦ ከማሳ እስከ መኖሪያ ሰፈር

ዛሬ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች የተደረደሩበት ኮዬ ፈጬ ቀድሞ የኦሮሞ ገበሬዎች የእርሻ ማሳ ነበር። የአቃቂ ሜዳ መረሬ አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ለጤፍ የተመቸውን ያህል መሠረት ለሚያወጣ ባለሙያ አስቸጋሪ ነው።

ከአፈሩ ይልቅ የከበደው ግን የካሣው ስሌት ነበር። የገጠር መሬት በ1967 ዓ.ም. የሕዝብ ሀብት ከሆነ ወዲህ ገበሬው ይጠቀምበታል እንጂ አይሸጠውም፤ ስለዚህም አዋጅ ቁጥር 455/1997 ለተነሺው የወሰነለት የመሬቱን ዋጋ ሳይሆን የ5 ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢውን 10 እጥፍ ነው። ለልጅ የሚተላለፍ ማሳ በ10 መኸር ተለካ ማለት ነው። የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. የቤቶቹ ዕጣ ሲወጣ በኦሮሚያ ከተሞች በተነሣው ተቃውሞ ውስጥ፣ ከወሰኑ ጥያቄ ጎን ለጎን፣ ይኸው ቅሬታ ተሰምቷል። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 እጥፉን ወደ 15 ሲያሳድገው የኮዬ ፈጬ ሕንፃዎች ቀድመው ቆመው ነበር።