«ስታቹዋሪ» እና ሐውልት፦ የአንድ ቃል ታሪክና ያስከተለው የትርጉም ችግር

በታሪክና በኪነ ጥበብ ትምህርት በሚያገለግሉ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ውስጥ «ስታቹዋሪ» የሚለው ቃል ሲያጋጥም፣ «ሐውልቶች» ብሎ መተርጐም የሚቀና መንገድ ነው። ትርጉሙ ፈጽሞ ስሕተት ነው ባይባልም የቃሉን ፍች በከፊል ያስቀረዋል፤ ከዚያም አልፎ የአክሱም ዘመን ታሪክ በሚሰጥበት ክፍል ውስጥ ውዥንብር ሊፈጥር ይችላል።

የቃሉ ሥር ላቲን ነው። ማቆም የሚል ፍች ካለው ግስ «ስታቱዋ»፣ ማለትም የቆመ ምስል፣ የሚለው ስም ወጣ፤ ከእርሱም የጥበቡ መጠሪያ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ79 የሞተው ሮማዊ ጸሐፊ ፕሊኒ፣ ስለ ተፈጥሮ በጻፈው ሰፊ ሥራው 34ኛ መጽሐፍ የነሐስ ምስሎችን፣ በ36ኛው ደግሞ የእብነ በረድ ሥራን ለያይቶ ሲያትት፣ ይህን መጠሪያ የሰጠው ለነሐስ ሥራ ነበር። እንግሊዝኛ ቃሉን የተቀበለው በ16ኛው መቶ ዓመት ሲሆን፣ ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት ውስጥ ሁለት ፍች ይዞ ይገኛል፤ አንደኛው ጥበቡ፣ ሁለተኛው ባለ ሙያው ነው። ባለ ሙያውን የሚያመለክተው ፍች ከጊዜ በኋላ ከአገልግሎት ወጥቶ ቦታውን ለሌላ ቃል ለቀቀ።

ዛሬ ቃሉ ይበልጥ የሚያገለግለው ለስብስብ መጠሪያ ነው። በዚህ ረገድ አማርኛችን ተውሶ ከሚጠቀምበት «ማሽነሪ» ከሚለው ቃል ጋር ይመሳሰላል። ማሽነሪ አንድን መኪና ብቻ እንደማያመለክት ሁሉ፣ «ስታቹዋሪ»ም አንድን ሐውልት አያመለክትም፤ አንድ፣ ሁለት እየተባለም አይቈጠርም። ጠባዩ መደበኛ ስለ ሆነ በሙዚየም መዝገብ፣ በቤተ መንግሥት የአትክልት ቦታ መግለጫና በሕግ ጽሑፍ እንጂ በዕለታዊ ንግግር እምብዛም አይሰማም። ለሐውልት ሥራ የሚመረጠው ነጭ የካራራ እብነ በረድም በዚሁ ቃል ይጠራል።

በሕግ ጽሑፍ ውስጥ ለገባው አገልግሎቱ የአሜሪካ ምክር ቤት ጥሩ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1864 በወጣ ሕግ፣ የቀድሞው የተወካዮች መሰብሰቢያ አዳራሽ የብሔራዊ «ስታቹዋሪ» አዳራሽ ሆነ። እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት በሕይወት የሌሉ ሁለት ታዋቂ ዜጎቹን በነሐስ ወይም በእብነ በረድ አሠርቶ እንዲልክ ተጋበዘ። ምስሎቹ በዝተው ወለሉን ስለ ከበዱት እ.ኤ.አ. በ1933 ከፊሎቹ ወደ ሌሎች የሕንፃው ክፍሎች ተዛወሩ፤ ስብስቡ ግን ስሙን እንደ ያዘ ነው። ክፍለ ግዛቶች ምስሎቻቸውን እንዲለውጡ እ.ኤ.አ. በ2000 ከተፈቀደላቸው በኋላ፣ ፍሎሪዳ የባርነት ሥርዓትን ለማቆየት የተዋጋውን ጦር ጄኔራል ኤድመንድ ከርቢ ስሚዝን አንሥታ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በስፍራው የመምህርት ሜሪ ማክሊዮድ ቤቱንን የእብነ በረድ ምስል አቆመች። እኒህ ሴት እ.ኤ.አ. በ1904 ለጥቁር ልጃገረዶች ትምህርት ቤት የከፈቱ ናቸው። ይህን ስብስብ በአማርኛ «የሐውልቶች አዳራሽ» ብሎ የሚያነብ ተማሪ ስለ ምን ዐይነት ሐውልት እንደሚነገር በቀላሉ ሊረዳ አይችልም።

ምክንያቱም «ሐውልት» የግእዝ ቃል ሲሆን በመጀመሪያ የሚያመለክተው የቆመ ድንጋይን ወይም ዐምድን ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ የሎጥ ሚስት የሆነችው የጨው ሐውልትም በዚሁ ፍች የሚታይ ነው። በፋሺስት ወረራ ዘመን ወደ ሮም ተወስዶ በ1997 ዓ.ም. የተመለሰውና 24 ሜትር ያህል ቁመት ያለው የአክሱም ሐውልትም የማንንም ሰው መልክ አይዝም። በ1923 ዓ.ም. በአራዳ የዳግማዊ ምኒልክ የነሐስ ምስል በፈረስ ላይ ሆኖ ሲቆም ግን ይኸው ስም ለእርሱም ተሰጠ። በስድስት ኪሎ የሚገኘው የየካቲት 12 መታሰቢያ ደግሞ ዐምድም የተቀረጹ ምስሎችም ስላሉት ሁለቱን ፍቾች በአንድነት ይዟል።

ችግሩ ጎልቶ የሚታየው በዒዛና ታሪክ ነው። ንጉሡ በ4ኛው መቶ ዓመት በቤጃ ላይ ስላደረገው ዘመቻ ያስጻፈው ጽሑፍ፣ ለአምላኩ ለማኅረም አንድ የወርቅ፣ አንድ የብርና ሦስት የነሐስ ምስሎች ማቅረቡን ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1906 አክሱምን ያጠናው የጀርመን ጓድ 92 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው የእግር ማሳረፊያ የተቀረጸበት የድንጋይ መቆሚያ አግኝቷል፤ ከላዩ የነበረው ታላቅ ምስል ግን የለም። እነዚህን የጠፉ ምስሎች «የዒዛና ሐውልቶች» ብሎ የሚያስተምር መምህር፣ ተማሪው ዛሬም ቆመው ከሚታዩት ዐምዶች ጋር ቢያምታታቸው ሊወቅሰው አይገባም። ስለዚህም ሐውልት የሚለው ስም በሕዝቡ ዘንድ እንደ ተለመደው ለአክሱም ይቆይ፤ የሰው ወይም የእንስሳ መልክ ላለው «የምስል ሐውልት»፣ «ስታቹዋሪ»ም ስብስብን ሲያመለክት «የምስል ሐውልት ስብስብ»፣ ጥበቡን ሲያመለክት «የምስል ሐውልት ጥበብ» ቢባል የተሻለ ነው። «ቅርጻ ቅርጽ» የሚለው በግድግዳ ላይ የሚቀረጸውንም ስለሚያጠቃልል ለዚህ ይሰፋል።

መዝገብ ለሚያደራጁ ሠራተኞችም ልዩነቱ የቃል ብቻ አይደለም። በአክሱም አጠገብ ያለው ሥፍራ ስሙ ራሱ ሐውልቲ ይባላል። ፈረንሳዊው አርኪዮሎጂስት ሄንሪ ደ ኮንታንሶን እ.ኤ.አ. በ1959 በዚያ ከቆፈረው መሬት የወጣችው ግን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት የተሠራች፣ የቀሚሷ ሽንሽን ሳይቀር በድንጋዩ ላይ የሚታይ የሴት ምስል ናት፤ ያውም የተቀመጠች።