ጉርሻና እጅ መንሻ በመተማ በር

ለሠራ ሰው ከደመወዙ በላይ ጥቂት ገንዘብ መጨመር በብዙ አገር ያለ ልማድ ነው፤ ስሙ ግን በየአገሩ ልዩ ልዩ ነው። ፈረንሳዮች «ለመጠጥ»፥ ጀርመኖች «የመጠጥ ገንዘብ»፥ መስኮቦችም «ለሻይ» ይሉታል። ፋርሶች «መስጠት» ከሚለው ግሣቸው ያወጡት ባክሺሽ የተባለው ቃል በቱርክና በዐረብ አገር አልፎ እስከ ሱዳን ደርሷል። የኢትዮጵያ ሰው ግን ጉርሻ ይለዋል። ጉርሻ በመጀመሪያ በአንድ ገበታ የተቀመጠ ሰው ባልንጀራውን በፍቅር የሚያጐርሰው እንጀራ ነውና፥ ስሙ ጌትነትን ሳይኾን ማዕድን ያስታውሳል። ጉርሻን ለምኖ መቀበል ነውር ነው፤ የተሰጠውንም እንቢ ማለት ነውር ነው።

ባክሺሽና ጉርሻ ከሚገናኙባቸው ስፍራዎች አንዱ መተማ ነው። በጥንት ዘመን የጎንደር ነጋዴዎች ቡናና ሰም፥ ቆዳና በቅሎ ይዘው በጭልጋ በኩል ወደ ቆላው ይወርዱ ነበር፤ ከሱዳን ወገን የሚመጡትም ጥጥና ሌላውን ሸቀጥ ያመጡ ነበር። በየኬላውም ቀረጥ ይከፈላል። የኬላው ሹም ግን ኑሮው ከሚሰበስበው ገቢ እንጂ ከተቈረጠ ደመወዝ አልነበረምና፥ ቀረጡ የት አብቅቶ እጅ መንሻው የት እንደ ጀመረ ለመለየት አስቸጋሪ ነበር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለው ተረት የዚያን ዘመን ሥርዐት ይገልጻል።

ሹማምንቱም ራሳቸው ከበላያቸው ላለው ይሰጡ ነበር። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን የመተማ ገዥ የነበረው የተክሩሮቹ አለቃ ሼክ ጁማ ከኹለት ኀያላን መካከል ስለ ነበረ፥ ለግብጽም ለኢትዮጵያም ይገብር ነበር። በኅዳር 1858 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንግሥት ደብዳቤ የያዘው ሆርሙዝድ ራሳም ከዚሁ ከተማ ደርሶ፥ የንጉሡ ፈቃድ እስኪመጣለት አንድ ወር ያህል ቈየ። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ የወደቁበት፥ በ1894 ዓ.ም. ውልም ወሰኑ የተለየበት ስፍራ ይህ ነው። ከዚያ በኋላ ገላባት ወደ ሱዳን፥ መተማ ወደ ኢትዮጵያ ኾኑ፤ በሩም የኹለት መንግሥታት በር ኾነ።

በበር ላይ የሚሰጥ ገንዘብ ኹሉ ግን አንድ አይደለም። ሥራው ካለቀ በኋላ በፈቃድ የተሰጠው ጉርሻ ነው። ሥራው ሳይጀመር፥ ሰጪው ፈርቶ፥ ተቀባዩም ሥልጣን ይዞ የሚወስደው ግን መማለጃ ነው። ሕገ ሙሴ ይከለክለዋል፤ ፍትሐ ነገሥትም ዳኛ እንዳይቀበለው ያዝዛል። ብሩ አንድ ሲኾን ስሙን የሚለውጡት ጊዜውና ፈቃዱ ናቸው።

ጉርሻም ቢኾን የደመወዝን ስፍራ ሲይዝ ይበላሻል። በአሜሪካ የፑልማን ኩባንያ በባቡር መኝታ ሠረገላ የሚያገለግሉትን ጥቍር ሠራተኞች በጥቂት ደመወዝ ያሠራቸው ነበርና፥ ኑሯቸው በመንገደኛው ቸርነት ላይ ተንጠለጠለ። በ1917 ዓ.ም. በፊሊፕ ራንዶልፍ መሪነት ማኅበር አቁመው ሲከራከሩ ኖሩ፤ በ1929 ዓ.ም. ኩባንያው ውል ፈረመላቸው። የፈለጉት ምጽዋት ሳይኾን የተቈረጠ ዋጋ ነበረ።

ይህ ነገር ለምዕራብ ጎንደር ቆላ ሩቅ ወሬ አይደለም። በሰሊጥ አጨዳ ወራት ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ፥ በመኪና ላይ የሚያወርድና የሚጭነውም በላቡ የሚኖር ሰው ነው። ዋጋው ተጓድሎበት ሳለ ጉርሻ ቢሰጡት፥ የራሱን ገንዘብ እንደ ቸርነት መለሱለት እንጂ አልሰጡትም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜም ብዙ ሺህ ስደተኛ በዚሁ በር ገብቷል። ልጁን ታቅፎ ለመጣ ሰው «የሻይ ስጠኝ» የሚል ቢገኝ፥ ያ ሻይ ከመራራ ሐሞት የከፋ ነው።

እንግዲህ አሠሪ አስቀድሞ ዋጋውን ይክፈል፤ ሹምም በደመወዙ ይብቃው። ከዚህ በኋላ መንገደኛው ደስ ብሎት የሚጨምረው፥ ያ በእውነት ጉርሻ ይባላል።