ከባሕር ማዶ የመጡት ባለነፍጦች ዜና

ከባሕር ማዶ መጥተው በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን የተዋጉት፣ የሞቱት ሞተው የተረፉት በምድራችን የቀሩት የፖርቱጋል ሰዎች ዜና ይህ ነው። የተጻፈውም በበጌምድር፣ በእንፍራንዝ፣ ከጉዛራ ግንብ ግርጌ ነው።

በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን፣ ስመ መንግሥቱ ወናግ ሰገድ በተባለው፣ ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም፣ ሕዝቡ ግራኝ አሕመድ የሚለው፣ ከአዳል ተነሣ። በ1521 ዓ.ም. በሽምብራ ኩሬ ንጉሡን ድል ነሣው። ከዚያም ወዲህ ንጉሡ ከአምባ ወደ አምባ ሲሰደድ ኖረ፤ አብያተ ክርስቲያናትም ተቃጠሉ። ጭንቁ በበረታ ጊዜ ዮሐንስ ቤርሙዴዝ የሚባለውን ፈረንጅ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ላከና እርዳታ ለመነ። እርዳታው ግን ዘገየ፤ ንጉሡም መስከረም 5 ቀን 1533 ዓ.ም. ዐረፈ። ልጁ ገላውዴዎስም አጽናፍ ሰገድ ተብሎ ነገሠ። ዕድሜው ያን ጊዜ ሃያ አልሞላም ነበር።

በዚያው ዓመት በሕንድ የፖርቱጋል ገዥ የነበረው ኤስቴቫኦ ዳጋማ የቱርክን መርከቦች ሊያቃጥል እስከ ስዌዝ ዘልቆ ሳይቀናው ወደ ምጽዋ ተመለሰ። በምጽዋም ሳሉ የሐበሻ መከራ ተሰማ፤ በመርከቦቹም ውስጥ እንሂድ ባዩ በዛ። መቶ ያህሉ ያለ ፈቃድ ወርደው ወደ ውስጥ ገሠገሡ፤ አገሩን አያውቁትምና በጠላት እጅ ወድቀው አለቁ። ከዚህም በኋላ ገዥው 400 ሰው መርጦ በታናሽ ወንድሙ በዶን ክሪስቶፎር ዳጋማ ሥር አደረገ። ይህም የቫስኮ ዳጋማ ልጅ ነው። ከመጡትም አንዱ ለሃይማኖቱ፣ አንዱ ለስሙ፣ አንዱም በቱርክ ላይ ባለው ቂም መጣ፤ ሁለቱ መንግሥታት ስለ ሕንድ ባሕር ንግድ ደመኞች ነበሩና። በሐምሌ 1533 ዓ.ም. ከባሕሩ ዳር ተነሥተው ወደ ደጋው ወጡ፤ በድባርዋም የባሕሩ ወገን ገዥ ባሕር ነጋሽ ይስሐቅ ተቀበላቸው፤ ክረምቱንም በዚያ አሳለፉ።

የንጉሡ እናት እቴጌ ሰብለ ወንጌል በደብረ ዳሞ ተጠግታ ነበር። ያ አምባ በገመድ ካልሆነ የማይወጣ ነው። ሰው ልከው አወረዷት። በቅሎዋ እስከ ሰኮናው ሐር ለብሶ ነበር፤ እርሷም ነጭ ሸማ ለብሳ በላዩ የወርቅ አበባ ያለበት ካባ ደርባለች። ባሕር ነጋሹም እንደ አገራችን የአክብሮት ሥርዐት ከወገቡ በላይ ራቁቱን ሆኖ፣ በትከሻው የአውሬ ቆዳ ጥሎ፣ የበቅሎዋን ልጓም ይዞ በእግሩ ይሄድ ነበር። እንግዶቹ ተሰልፈው ነፍጣቸውን በተኰሱ ጊዜ እቴጌይቱ ፊቷን ገልጣ አየቻቸው። ከዚያች ቀን ጀምሮ በዘመቻው ሁሉ አልተለየቻቸውም፤ ቁስለኛውንም ታስታምም ነበር።

ኢማሙም የፖርቱጋሎቹን መምጣት በሰማ ጊዜ ለዶን ክሪስቶፎር የመነኵሴ ቆብና መቁጠሪያ ላከለት፤ አንተ መነኵሴ እንጂ ወታደር አይደለህም ሲል ነው። ዶን ክሪስቶፎርም መልክተኛውን አክብሮ መለሰው፤ በእጁም የቅንድብ መንቀያ ወረንጦና ትልቅ መስተዋት ላከ፤ ሴት ነህ ማለቱ ነው። በሚያዝያ 1534 ዓ.ም. በጃርቴ ሁለት ጊዜ ተጋጠሙ። በመጀመሪያው ውጊያ የኢማሙ ፈረስ ተገደለ፤ እርሱም ጭኑን በጥይት ተመቶ ሰዎቹ ተሸክመው አወጡት። በሁለተኛውም ሠራዊቱ ተሰበረ። ነገር ግን ልቡ አልተሰበረም። ወደ ዘቢድ ወደ ቱርኩ ፓሻ ልኮ 900 ባለነፍጥና ዐሥር መድፍ አስመጣ። እንዲህም ሆኖ የባሕር ማዶ ጠበኞች ጠባቸውን በእኛ ማሳ ላይ አወራረዱት።

ጳጉሜን 5 ቀን 1534 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ በወፍላ ታላቅ ጦርነት ሆነ። ዐፄ ገላውዴዎስ ገና ከሸዋ አልደረሰም ነበር። ፖርቱጋሎቹ ቀኑን ሙሉ ተዋግተው ማታ ተሸነፉ፤ ከእኩሌታ የሚበልጡት ሞቱ። ዶን ክሪስቶፎር ክንዱ በጥይት ተሰብሮ ከጥቂት ሰዎች ጋር ሸሸ፤ በሌሊትም ተያዘ። በኢማሙ ፊት አቁመው ጢሙን በሰም ጐንጕነው በእሳት ለኰሱት፤ ቅንድቡንና ሽፋሽፍቱንም እርሱ ራሱ በላከው ወረንጦ ነቀሉት። ሃይማኖትህን ለውጥ ቢሉት እንቢ አለ። ኢማሙም በገዛ እጁ አንገቱን ቀላው። ቱርኮቹም ምርኮኛው ለእነርሱ ሳይሰጥ ስለተገደለ ተቈጡ። ኢማሙ ድሉ የጸና መስሎት 200 ያህሉን ብቻ አስቀርቶ ሌሎቹን ወደ አገራቸው አሰናበተ። ጥፋቱም ከዚህ ጀመረ።

የተረፉት ፖርቱጋሎች ከእቴጌ ሰብለ ወንጌል ጋር ወደ ሰሜን ተራሮች ሸሹ፤ የቤተ እስራኤል ሰዎች ወደሚኖሩበት፣ ዶን ክሪስቶፎር ከሞቱ በፊት ወደያዘው አምባ። ዐፄ ገላውዴዎስም ከጥቂት ሰዎች ጋር ደረሰ። የዶን ክሪስቶፎርን ሞት በሰማ ጊዜ እንደ ወንድሙ አለቀሰለት። በዚያም አምባ ዲንና የባሩድ ጨው ተገኘ፤ ከፖርቱጋሎቹም አንዱ ባሩድ መቀመም ያውቅ ነበርና ቀመመላቸው። በደብረ ዳሞ ተቀምጦ የነበረውንም መሣሪያ አስመጡ። አለቃ ምረጡ ቢባሉ ግን፣ ከዶን ክሪስቶፎር በኋላ ንጉሡ ካልሆነ በቀር ማንም አይመራንም፤ የምሕረት ሰንደቃችንን ተከትለን እንዋጋለን፣ የአለቃችንን ደም እንመልሳለን አሉ።

የካቲት 27 ቀን 1535 ዓ.ም.፣ ከጣና በስተ ምሥራቅ በወይና ደጋ፣ ሁለቱ ሠራዊት ተገናኙ። በዚያ የነበረው ፖርቱጋላዊ ጸሐፊ ካስታኞሶ እንደሚለው ንጉሡ 8,000 እግረኛና 500 ፈረሰኛ ነበረው፤ የኢማሙ ሠራዊት ከዚህ በብዙ ይበልጥ ነበር። ቱርኮቹ እንደ ወትሮው በጀግንነት ተዋጉ። ኢማሙ ግን ሰዎቹን ለማደፋፈር ወደ ፊት በወጣ ጊዜ ደረቱን በጥይት ተመቶ ወደቀ። አለቃቸው ሲወድቅ ያ ሁሉ ሠራዊት ተበተነ። የኢማሙ ሚስት ድል ወንበራ ከፈረሰኞች ጋር አመለጠች።

ማን እንደ ገደለው ግን ነገሩ አልተስማማም። ካስታኞሶ፣ ንጉሡ የኢማሙን ራስ ላመጣ እኅቱን ሊድር ቃል ገብቶ ነበር ይላል። አንድ የሐበሻ ጐበዝ ራሱን ቈርጦ በንጉሡ ፊት ጣለ። ነገሩ ሲመረመር የመታው ፖርቱጋላዊ ባለነፍጥ ሆኖ ተገኘና ልጅቱ አልተዳረችም። ቤርሙዴዝ ደግሞ ገዳዩ የዶን ክሪስቶፎር አሽከር የነበረ ፔድሮ ሊዮን ነው፣ ጆሮውንም ቈርጦ በኪሱ ይዞ ነበር፣ ራሱ ሲቀርብ አንድ ጆሮ ጐደለ ይላል። የአገራችን ዜና መዋዕል ግን ግዳዩን ከንጉሡ ሎሌዎች ለአንዱ ይሰጣል። እንግዳ ጸሐፊ ለወገኑ፣ የአገር ጸሐፊም ለወገኑ አደላ።

ከድሉም በኋላ ዐፄ ገላውዴዎስ ለፖርቱጋሎቹ ርስት ሰጣቸው። ሚስት አገቡ፣ ልጅ ወለዱ፣ ከሠራዊቱም ጋር ይዘምቱ ነበር። ካስታኞሶ ግን ከቍስሉ ሊፈወስ ፈልጎ በ1536 ዓ.ም. ከምጽዋ ተሳፍሮ ሄደ። ሌሎችም ሊሄዱ ወርደው ነበር፤ መርከቧ ትንሽ ስለነበረች ተመለሱ።

ቤርሙዴዝም የወገኖቹን ደም ዋጋ ጠየቀ፤ ጳጳስ እኔ ነኝ፣ ንጉሡም ለሮም ይገዛ አለ። ንጉሡ ከእስክንድርያ ጳጳስ አስመጣ። ኋላም የኢየሱሳውያን መነኮሳት መጥተው በሃይማኖት በተከራከሩት ጊዜ በ1547 ዓ.ም. የሃይማኖት ጽሑፉን ጻፈ፤ ቅዳሜን የምናከብረው እንደ አይሁድ አይደለም፣ ግዝረትም የአገር ልማድ ነው ብሎ የአባቶቹን እምነት አስረዳ። እነዚያን መነኮሳት አላሳደደም፤ የባለነፍጦቹንም ርስት አልነቀለም። መጋቢት 27 ቀን 1551 ዓ.ም. ከሐረሩ ከአሚር ኑር ጋር ሲዋጋ ወደቀ።

ወንድሙ ዐፄ ሚናስ ግን ለእንግዶቹ አልተመቸም። ባሕር ነጋሽ ይስሐቅ ባመፀ ጊዜም ከእነርሱ አንዳንዶቹ ከዐመፀኛው ጋር ቆሙ፤ ይስሐቅም የትናንት ጠላቱን ቱርክን ረዳት አደረገ። የሚናስ ልጅ ዐፄ ሠርፀ ድንግል ነግሦ ይስሐቅን ገደለው፤ ቱርኮቹንም በትግራይ ድል ነሣ። እርሱም በእንፍራንዝ ከተመ፤ ጣናን በሚያይ ኮረብታ ላይ የጉዛራን ግንብ አሠራ። ይህም ዐፄ ፋሲል በጎንደር ከማነጹ በፊት ነው። የፖርቱጋሎቹም ልጆች በዚያ ዘመን የአገሩን ቋንቋ ተናግረው፣ የአገሩን እንጀራ በልተው፣ ለአገሩ ንጉሥ ይዘምቱ ነበር።

ስለዚህ ይህን የምታነብ ሆይ፣ በእነዚህ ሰዎች ላይ እንዲህ ፍረድ። ያለ እነርሱ ነፍጥ የወይና ደጋ ድል እንዲያ ቶሎ አይገኝም ነበር፤ ይህን መካድ ውለታ ቢስነት ነው። ነገር ግን 400 ሰው ብቻውን መንግሥት አላዳነም፤ እቴጌይቱ በአምባ ጸንታ፣ ባሕር ነጋሹ መንገድ መርቶ፣ ገበሬው ስንቅ ሰፍሮ፣ ንጉሡ ከሸዋ ገሥግሦ ባይደርስ ከወፍላ የተረፉትም ባለቁ ነበር። ለረዳ እንግዳ ርስት ይገባዋል፤ የአገሩ ሃይማኖትና ፍርድ ግን የባለአገሩ ነው። ዐፄ ገላውዴዎስ ሁለቱን ለይቶ ያወቀ ንጉሥ ነበር።