ቆጣሪው ደጃፍዎ ሲደርስ፤ የሕዝብ ቆጠራ ለምንና እንዴት?

በግንቦት 1999 ዓ.ም.፣ በሦስተኛው የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ ዋዜማ የተወለደች ልጅ በግንቦት 2017 ዓ.ም. 18 ዓመት ሞልቷታል። ለመምረጥ ደርሳለች፤ በራሷ ስም ውል ለመዋዋልም ደርሳለች። ከእሷ በኋላ የተወለዱት ታናናሾቿ ግን እሷ ለአካለ መጠን እስክትደርስ ድረስ አንድም ቀን በአገር አቀፍ ቆጠራ አልተመዘገቡም። “ከመቶ ሚሊዮን በላይ ነን” እያልን የምንናገረው ቁጥር በ1999 ዓ.ም. ከተገኘው ውጤት ተነስቶ በውልደትና በሞት ስሌት የተገመተ ነው እንጂ ቤት ለቤት ተቆጥሮ የተገኘ አይደለም።

ውድ አንባቢያን፣ ስለ ቆጠራ ስንነጋገር አብዛኛውን ጊዜ የምናወራው ስለ መንግሥት፣ ስለ ኮሚሽንና ስለ በጀት ነው። እኔ ዛሬ ማንሳት የፈለግሁት ሌላውን ወገን፣ ማለትም በሩን ከፍቶ መልስ የሚሰጠውን ቤተሰብ ነው። ቆጠራ የሚሳካውም የሚበላሸውም እዚያ በር ላይ ነውና።

ሕገ መንግሥቱ ምን ይላል?

የሕዝብ ቆጠራ በሕገ መንግሥታችን ራሱን የቻለ አንቀጽ አለው። አንቀጽ 103 የሕዝብ ቆጠራ ኮሚሽን እንደሚኖር፣ አባላቱም በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንደሚሾሙ ይደነግጋል። ተጠሪነቱም ለዚሁ ምክር ቤት ነው። ንዑስ አንቀጽ 5 ደግሞ ቆጠራው በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድ፣ በውጤቱም መሠረት የምርጫ ቦርድ በሚያቀርበው ረቂቅ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የምርጫ ክልሎችን እንዲወስን ያዝዛል።

ይህ ለአንድ ቤተሰብ ምን ትርጉም አለው? ሦስት ነገሮችን ላንሳ።

አንደኛው ውክልና ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 547 መቀመጫዎች የተደለደሉት በሕዝብ ብዛት ነው። በፌዴሬሽን ምክር ቤትም እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ቢያንስ አንድ ተወካይ ሲኖረው፣ በአንቀጽ 61 መሠረት ለእያንዳንዱ ተጨማሪ አንድ ሚሊዮን ሕዝብ አንድ ተወካይ ይጨመርለታል። ስለዚህ በቆጠራው ጊዜ “ብሔርዎ ምንድን ነው?” ተብሎ የሚጠየቀው ጥያቄ ለወግ የሚጠየቅ አይደለም፤ የወንበር ጥያቄ ነው።

ሁለተኛው ገንዘብ ነው። የፌዴራል መንግሥት ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ በፌዴሬሽን ምክር ቤት ቀመር ይከፋፈላል፤ በቀመሩ ውስጥ የሕዝብ ብዛት ትልቅ ቦታ አለው። ክልሉም ለወረዳዎቹ ሲያካፍል ያንኑ ቁጥር ይመለከታል።

ሦስተኛው ዕለት ተዕለት የምናገኘው አገልግሎት ነው። ስንት አንደኛ ክፍል ተማሪ ይመጣል? ስንት ክትባት ይታዘዝ? ጤና ጣቢያው ለስንት ሰው ይሠራ? እነዚህን የሚመልሰው ባለሙያ ዕድሜና ጾታን በየቀበሌው ማወቅ አለበት። አንድ እናት ሦስት ልጅ እያላት ሁለት ብላ ብታስመዘግብ የሦስተኛው ልጅ ወንበር ከማንም ኪስ አይወጣም፤ ከጎረቤት ልጆች ጋር ተጣቦ ይቀመጣል።

ከ1976 እስከ 2011

የመጀመሪያው አገር አቀፍ ቆጠራ የተካሄደው በግንቦት 1976 ዓ.ም. ነው። ኤርትራን ጨምሮ ወደ 42 ሚሊዮን ሕዝብ እንዳለን ተነገረን። ሆኖም በጦርነቱ ምክንያት ብዙ የትግራይና የኤርትራ ገጠሮች ስላልተዳረሱ የእነርሱ ቁጥር በግምት ነበር የተሞላው። ሁለተኛው በጥቅምት 1987 ዓ.ም. ተካሂዶ ወደ 53 ሚሊዮን ተኩል፣ ሦስተኛው በግንቦት 1999 ዓ.ም. (በአፋርና በሶማሌ ክልሎች በኅዳር 2000 ዓ.ም.) ተካሂዶ ወደ 74 ሚሊዮን ሕዝብ ተመዘገበ።

የሦስተኛው ቆጠራ ውጤት በ2001 ዓ.ም. ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሲቀርብ የአማራ ክልል ሕዝብ አስቀድሞ ከተተነበየው ከ2 ሚሊዮን በላይ አንሶ በመገኘቱ ብርቱ ጥያቄ ተነስቶ ነበር። “ሕዝቡ የት ሄደ?” የሚለው ጥያቄ ከዚያ በኋላ ለዓመታት አልበረደም። ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ። ስለ ቁጥር የሚነሳ ጥርጣሬ ውጤቱ ከታተመ በኋላ በመግለጫ ብዛት አይጠራም። ሊጠራ የሚችለው ቆጣሪው ከየትኛው ቤት ገብቶ ከማን ምን እንደሰማ ሁሉም አስቀድሞ ሲያውቅና ሲያምን ብቻ ነው።

አራተኛው ቆጠራ በ2010 ዓ.ም. ይካሄዳል ተብሎ ተራዘመ። ለ2011 ዓ.ም. ተቀጠረ፤ በወረቀት ፋንታ በታብሌት ለመቁጠር ዝግጅት ተደረገ፤ ታብሌቶቹም ተገዙ። በሰኔ 2011 ዓ.ም. ግን ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው በጸጥታ ችግርና በመፈናቀል ምክንያት ለአንድ ዓመት አራዘሙት። ዓመቱ ሳይሞላ ኮሮና መጣ፤ በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ተከተለ። ያ “አንድ ዓመት” ካለፈ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ያልተቆጠረው ሕዝቡ ነው።

የዘገየበትን ምክንያት አላጣጥልም። ሚሊዮኖች ከቀያቸው ተፈናቅለው ባሉበት ጊዜ “ነዋሪነትዎ የት ነው?” ብሎ መጠየቅ የተፈናቃዩን መብት ሊጎዳ ይችላል። በመጠለያ ቢመዘገብ የቀድሞ ቀየው ቁጥር ይጎድላል፤ በቀየው ቢመዘገብ ዛሬ ላለበት ቦታ ውኃና ዳቦ አይደርስም። ይሁን እንጂ “በየአሥር ዓመቱ” የሚለውን የሕገ መንግሥት ቃል ልማድ ሆኖ ስናልፈው፣ ውክልናችንም በጀታችንም በአሮጌ ቁጥር ላይ እንደቆመ ይቀራል።

ቆጠራው ቤት ውስጥ እንዴት ይካሄዳል?

ከቆጠራው አስቀድሞ አገሪቱ በካርታ ላይ በትናንሽ የቆጠራ ቦታዎች ትከፋፈላለች። እያንዳንዱ ቦታ በአብዛኛው ከ150 እስከ 200 የሚሆኑ ቤተሰቦችን ይይዛል። ለየቦታው አንድ ቆጣሪ ይመደባል፤ ከበላዩም ተቆጣጣሪ አለ።

በቆጠራ ቋንቋ “ቤተሰብ” ማለት ዘመዳሞች ማለት ብቻ አይደለም። አብረው የሚኖሩና የምግብ ወጪያቸው አንድ የሆነ ሰዎች፣ ዝምድና ባይኖራቸውም እንኳ፣ አንድ ቤተሰብ ናቸው። ብቻውን የሚኖር ሰውም ራሱን የቻለ ቤተሰብ ነው። ስለዚህ በግቢዎ ውስጥ ተከራይቶ ለብቻው የሚያበስለው ወጣት ከእርስዎ ጋር ሳይሆን በራሱ መጠይቅ ይመዘገባል። ከእርስዎ ማዕድ የምትበላው የቤት ሠራተኛ ደግሞ ከእርስዎ ቤተሰብ ጋር ትቆጠራለች። በየቤቱ በቀላሉ የሚረሱት እንዲህ ያሉት ናቸው፤ የቤት ሠራተኛዋ፣ ከገጠር ለትምህርት የመጣው የእህት ልጅ፣ አራስ ቤት ያለው ጨቅላ፣ ጓዳ የተኙት አያት።

ባለፉት ቆጠራዎች ሰው የሚመዘገበው በተለምዶ በሚኖርበት ቦታ ነበር። ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ክፍለ አገር የሄደ ሰው በቤቱ ይቆጠራል። ዓረብ አገር ሄዳ ዓመት የሞላት ልጅ ግን፣ ገንዘብ ብትልክም፣ የቤቱ ነዋሪ ተብላ አትመዘገብም። ለወላጅ ይህን መናገር እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ቆጣሪው የሚጠይቀው ግን ማን ቤቱ ውስጥ እንደሚኖር እንጂ ማን የእርስዎ ልጅ እንደሆነ አይደለም።

በ1999 ዓ.ም. ሁለት ዓይነት መጠይቅ ነበር። አጭሩ ለሁሉም ቤተሰብ ስለ ጾታ፣ ዕድሜ፣ ሃይማኖት፣ ብሔርና አፍ መፍቻ ቋንቋ የሚጠይቅ ነው። ረጅሙ ከአምስት ቤተሰቦች ለአንዱ የሚደርስ ሲሆን ስለ ትምህርት፣ ስለ ሥራ፣ ከየት እንደመጡ፣ ስለ ወለዷቸውና ስለሞቱባቸው ልጆች፣ ስለ ቤቱ ግድግዳና ጣሪያ፣ ስለ ውኃና መጸዳጃ ይጠይቃል። “ጎረቤቴን በአምስት ደቂቃ ጨርሶ እኔን ለምን ያስቀምጠኛል?” የሚል ሰው ካለ መልሱ ይኸው ነው፤ ዕጣው ደርሶት ነው እንጂ ተጠርጥሮ አይደለም።

አንድ ትልቅ ችግር ዕድሜ ነው። ብዙዎቻችን ስንጠየቅ 30፣ 40፣ 50 እያልን እንጠቀልላለን። መልሱ ሁሉ በአምስትና በዜሮ ላይ ሲከማች ባለሙያው የትውልዱን ትክክለኛ ቅርጽ ማየት ይቸግረዋል። የልደት ወይም የክርስትና ወረቀት ካለ ያውጡ። ከሌለ ከታወቀ ነገር ጋር ያዛምዱ፤ “በአብዮቱ ዓመት አራስ ነበርኩ” ማለት “አምሳ ግድም” ከማለት በብዙ ይሻላል።

ሰው ለምን ይሸሻል?

በሰፈሬ ባለፈው ቆጠራ ጊዜ አንዲት አረጋዊት ነበሩ። ቆጣሪው፣ መምህር ነበር፣ “እማማ፣ ስንት ልጆች አሉዎት?” ሲላቸው “እግዜር የሰጠኝን ያህል” አሉት። ደግሞ ቢጠይቃቸው “ልጅ አይቆጠርም” ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ብልህ ሰው ነበርና “እንግዲያው ስማቸውን ይንገሩኝና ልወቃቸው” አላቸው። አንድ በአንድ እየመረቁ ጠሩለት፤ እሱም ጻፈ።

ይህን ፍርሃት “ኋላ ቀርነት” ብዬ አልንቀውም። መጽሐፍ የሚያውቁ ሰዎች ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን ቆጥሮ መቅሠፍት እንደመጣ ያስታውሳሉ። ልብ ብሎ ላነበበው ግን የዳዊት ቆጠራ ሰይፍ የሚመዝዙ ወንዶችን ለማወቅ የተደረገ ነበር። የጥንት መንግሥታት ሕዝብ ሲቆጥሩ ለጦር ወይም ለግብር ነበርና ሕዝቡ መፍራቱ አይገርምም። በእኛም አገር የመጀመሪያው ቆጠራ የተካሄደው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ በወጣ በዓመቱ ነው። ለአቅመ ውትድርና የደረሰ ልጅ ያለው ወላጅ በዚያ ግንቦት በሩ ሲንኳኳ ምን ሊያስብ እንደሚችል ለመገመት ምስክር አያስፈልግም።

የዛሬው ፍርሃት መልኩን ቀይሯል። አከራይ “የኪራይ ግብር ይመጣብኛል” ብሎ ተከራዮቹን ይደብቃል። በቀበሌ ቤት ዘመድ ያስጠጋ ሰው ቤቱን እንዳይቀማ ይሰጋል። ብሔሩን መናገር ነገ መዘዝ ያመጣብኛል ብሎ የሚፈራም አለ።

በሕጉ በኩል መልሱ ግልጽ ነው። ለስታቲስቲክስ ተብሎ ከግለሰብ የሚሰበሰብ መረጃ በሚስጥር የሚያዝና ለስታቲስቲክስ ዓላማ ብቻ የሚውል ነው። የሚታተመው ድምሩ እንጂ የእርስዎ ስምና መልስ አይደለም። ከዚህም በላይ የግል ሕይወት መከበር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የተጠበቀ መብት ነው። የቤተሰቡ ድርሻ እውነቱን መናገር ነው፤ የመንግሥት ድርሻ የተነገረውን መጠበቅ ነው። እነዚህ ሁለቱ የሚደጋገፉ ግዴታዎች ስለሆኑ አንዱ ሲጓደል ሌላውን ብቻ መውቀስ ፍትሐዊ አይሆንም።

ከማን ምን ይጠበቃል?

ከቤተሰቡ የሚጠበቀው ብዙ አይደለም። ቆጣሪውን መታወቂያ ይጠይቁ፤ ማሳየት ግዴታው ነው። ስለ ቤቱ የሚያውቅ አዋቂ ሰው መልስ ይስጥ። በቤቱ የሚኖሩትን ሁሉ ከጨቅላው እስከ አረጋዊው በስም ይጥሩ። ሃይማኖትዎንና ብሔርዎን እርስዎ ይናገሩ፤ ቆጣሪው ከስምዎ ወይም ከአነጋገርዎ ገምቶ እንዲሞላ አይፍቀዱለት። የተጻፈው እንዲነበብልዎ መጠየቅም ነውር አይደለም።

ከመንግሥት የሚጠበቀው ግን ከባድ ነው። የቆጠራውን ሥራ የሚመራው መሥሪያ ቤት ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ተብሏል። ስም ተቀየረም አልተቀየረ አመኔታ የሚገኘው በሥራ ነው። ቆጣሪዎች በገለልተኝነታቸው ሊመረጡ፣ ተፎካካሪ ፓርቲዎችና የሲቪክ ማኅበራት ሂደቱን ሊታዘቡ፣ ውጤቱ እስከ ወረዳ ድረስ በወቅቱ ሊታተም ይገባል። የቆጠራ መዝገብ አንድ ጊዜ እንኳ ለግብር ሰብሳቢ ወይም ለካድሬ ከተሰጠ፣ የሚቀጥለው ቆጣሪ ተዘግቶ የሚጠብቀውን በር የሚከፍትለት አያገኝም።

“ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” ይባላል። ቆጠራም እንዲሁ ነው። ከአንድ ቤት የሚጠየቀው የግማሽ ሰዓት ጨዋታ ነው። ያ ግማሽ ሰዓት ሲነፈግ የሚጎድለው ግን የመንግሥት መዝገብ ብቻ አይደለም፤ የወረዳው ወንበር፣ የቀበሌው ክሊኒክ፣ የጎረቤት ልጅ ደብተርም ነው።