ከምጣዱ አጠገብ የተነበበ ብራና

ነገሩ የሆነው ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ዳገቱ ላይ፣ ባለ ሁለት ክፍል የኪራይ ቤት ውስጥ ነው። ያለነው አራት ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ የሦስተኛ ክፍል ተማሪዋ ልጄ፣ ከጎጃም ለሕክምና መጥታ እኛው ጋ የቀረችው እናቴ።

ያኔ ስድስት ኪሎ የዶክትሬት ተማሪ ነበርኩ። የማጠናው ፊሎሎጂ ነው። ለማያውቀው ልንገረው፤ የአንድን የግዕዝ መጽሐፍ የብራና ቅጂዎች ጎን ለጎን ታስቀምጣላችሁ፣ ፊደል በፊደል ታነጻጽራላችሁ፣ የትኛው ጸሐፊ የት እንደሳተ፣ የትኛው ምን እንደጨመረ ትለቅማላችሁ። አንዱ «ሠ» ሲል ሌላው «ሰ» ይላል፤ እሱም ይመዘገባል። የእኔ ድርሻ የድርሳነ ሚካኤል የኅዳር ንባብ ነበር፤ አራት ቅጂ። ሁለቱን ከአገር ቤት አብያተ ክርስቲያናት ራሴ ፎቶ አንስቻለሁ። ሁለቱ በ1960ዎቹ አጋማሽ ከተጀመረው፣ ብራናዎችን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ የተገኙ ናቸው። ያንን ሥራ የጀመሩ ይባረኩ! የተነሣው ፊልም አንዱ ቅጂ ሚኒሶታ ተቀምጧል። የግዕዙ ሊቅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በጥይት ተመትተው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ከዋሉ በኋላ፣ እዚያ ተቀምጠው የእነዚያን ብራናዎች ዝርዝር ሲያዘጋጁ ለብዙ ዓመታት ኖሩ። በደከመኝ ሌሊት ሁሉ እሳቸውን አስባለሁ።

ድካሙ ደግሞ ነበር። የክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲ መምህር ነኝና ለትምህርት ስወጣ ደሞዜ አልተቋረጠም። ግን የቤት ኪራይ፣ የልጅ ትምህርት ቤት፣ የእናቴ መድኃኒትና ዕድሩ ሲወጣለት ወሩን አያጋምስም። ስለዚህ ማታ ማታ አንድ የግል ኮሌጅ አስተምር ነበር፤ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ሁለት ቤት እየዞርኩ ልጆች አስጠናለሁ። ኮሌጁ አንድ ጊዜ የሦስት ወር ክፍያ አስቀረብኝ፤ የዚያን ጊዜ ቤቱን የያዘው የባለቤቴ ምጣድ ነው። በየሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነሥታ ለሱቆች እንጀራ ትጋግራለች። ቅዳሜ ግን የእሁዱ ትእዛዝ ስለሚበዛ ከምሽቱ ጀምራ ትጥዳለች።

አሁን የመብራቱን ነገር ልብ በሉ። ምጣዱ ከተጣደ ሌላ ነገር አይሰካም፤ ከተሰካ ቤቱ ድርግም ይላል። አምፖሉ ራሱ ደብዝዞ እንደ ኩራዝ ነው የሚያበራው። የላፕቶፔ ባትሪ አርጅቶ ከ40 ደቂቃ አያልፍም። ማታ ነፃ የምሆነው ደግሞ ቅዳሜ ብቻ ነው፤ ቀን በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ሞልቼው እመጣለሁ፣ ማታ 40 ደቂቃ እሠራለሁ፣ ይጠፋል። በዚህ አያያዝ አራቱን ቅጂ መቼ እጨርሳለሁ?

ሁለተኛው ዓመት ላይ ተስፋ ቆረጥኩ። ማቋረጫ ደብዳቤ ጽፌ ቦርሳዬ ውስጥ አስቀመጥኩ። ባለቤቴ የታክሲ ሳንቲም ስትፈልግ አገኘችው። እጇ ሊጥ ነበር፤ ወረቀቱን በሁለት ጣቷ ይዛ ከበሩ ላይ ቆመች።

«ይሄ ትምህርት ስንት ኩንታል ጤፍ እንደፈጀ ታውቃለህ?» አለችኝ። «የጀመርነውን እንጨርስ እንጂ!»

የጀመርነውን አለች። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ የጀመርኩት ብዬ ነበር የማስበው። እሷ ከምጣዱ ስታወራ «እስኪ ዝም በይ»፣ ልጄ ደብተሯን ይዛ ስትመጣ «በኋላ» እላለሁ፤ ጥናቴን የሚሻሙኝ እነሱ ይመስሉኝ ነበር። ይህን ስናገር ዛሬም ያመኛል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አሠራሩን ለወጥን። የመጀመሪያውን ቅጂ ባለ ካሬ ደብተር ላይ በእጄ ገልብጬዋለሁ። ልጄ ሁለተኛውን ከላፕቶፑ ላይ ጮክ ብላ ታነባለች፤ እኔ ደብተሩ ላይ እየተከተልኩ ልዩነቱን በቀይ እስክሪብቶ አሰፍራለሁ። ግዕዙን ባታውቀውም ፊደሉን አንጥራ ታነባለች። ዓይኔ ከስክሪን ወደ ደብተር መመላለሱ ሲቀር፣ የሁለት ማታ ሥራ በአንድ 40 ደቂቃ አለቀ። ልጅቱ ግን አንድ ጠባይ አላት፤ ምን እንዳነበበች ሳታውቅ ወደ ቀጣዩ አታልፍም። «አባዬ፣ ምን ማለት ነው?» ትላለች። በየዐረፍተ ነገሩ ወደ አማርኛ እመልስላታለሁ። ባለቤቴ ሊጡን ከዳር ወደ መሃል አዙራ አክምባሎውን ትደፋና እሷም ታዳምጣለች።

እናቴ አልጋዋ ላይ ተኝታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች። ፊደል አልቆጠረችም። ግን በወሩ 12ኛ ቀን ሚካኤል ሳትስም የቀረችበትን ጊዜ አላስታውስም፤ ድርሳኑ ሲነበብና ሲተረጎም ስትሰማ ነው ያረጀችው።

ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ዱራታዎስና ቴዎብስታ የመልአኩን በዓል በየወሩ የሚዘክሩ ባልና ሚስት ናቸው። ደኸዩ። ለዝክሩ የሚሆን ቢያጡ የክት ልብሳቸውን ሊሸጡ ተነሡ። መልአኩ መኰንን መስሎ አገኛቸውና ለዝክሩ በግና ዓሣ በእሱ ዋስትና እንዲወስዱ አደረገ። በኋላ የዓሣው ሆድ ሲሰነጠቅ 300 የወርቅ ዲናር ተገኘበት። ልጄ እዚህ ላይ ደርሳ፣ እኔም ተርጉሜላት ልናልፍ ስንል ከአልጋው ድምፅ መጣ።

«ልጄ፣ ዘለላችሁ።»

«ምኑን፣ እማዬ?»

«‹እኔ ሳልመጣ ሆዱን እንዳትከፍቱት› ያለው የት ሄደ? እሱ ሳይመጣማ አይከፈትም።»

ልጄን መልሳ እንድታነብ አደረግኳት። የለም። ደብተሬን አየሁ፤ እዚያም የለም! ይህን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሬ አውቀዋለሁ፣ ያንን ገጽም አራት ጊዜ ተመላልሼበታለሁ፤ ዓይኔ ፊደል ሲለቅም ነገሩ አመለጠኝ። ባትሪው ሊሞት አምስት ደቂቃ ሲቀረው፣ ገና ያልደረስኩባቸውን ሁለቱን ቅጂዎች ከፈትኩ። ሁለቱም ላይ ትእዛዙ አለ። ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። «ዓሣ» የሚለው ቃል በቅርብ ርቀት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ጸሐፊው አንዱን ጽፎ ብርዑን ቀለም ሊነክር ቀና ሲል፣ ዓይኑ ሁለተኛው «ዓሣ» ላይ አረፈና መካከሉን ጣለው። ሁለት ቅጂ አንድ ቦታ ላይ በአንድ ዓይነት መንገድ ከጎደለ ደግሞ፣ ሁለቱም ከአንድ ከጎደለ ቅጂ የተገለበጡ ሊሆኑ ይችላሉ ማለት ነው። ስምንት ወር የፈለግኩት የቅጂዎቹ ዝምድና ፍንጭ ይኸው ነበር። ላፕቶፑ ጠፋ። ባለቤቴ አክምባሎውን አንሥታ እንጀራውን በሰፌድ እያወጣች «ተገኘ?» አለች።

አማካሪዬ ምዕራፉን አንብበው ሲጨርሱ «ይህን እንዴት ደረስክበት?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና «በግርጌ ማስታወሻ አስገባው፤ ከማን እንደሰማኸው ሳትጽፍ እንዳትቀር» አሉኝ። የእናቴን ስም ከነአባቷ ጻፍኩት።

ጥናቴን በተከላከልኩበት ቀን እናቴ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ የኋላ ወንበር ላይ ነበረች። የውጭው ፈታኝ ያንኑ ገጽ ገልጠው ስለ ግርጌ ማስታወሻው ሲጠይቁኝ በእጄ አመለከትኳት። ተነሥታ እጅ ነሣች፤ ስለ ምን እንደሆነ ግን ለመረዳት ልጄን በጆሮዋ ጠየቀቻት።

ማታ ጎረቤት መጥቶ ቡና ተፈላ፣ ዳቦ ተቆረሰ። ሱቆቹ ግን ጠዋት እንጀራቸውን ይጠብቃሉ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ባለቤቴ ተነሣች፣ እኔም ተነሣሁ። እሷ ምጣዱን አሰሰች፣ ሊጡን አዞረች፤ እኔ አክምባሎውን ያዝኩ።