ጊት የተወለደበት ጠብ

ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሊኑክስ የተባለውን የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና ኮዱን ከፍቶ ሲያሰራጭ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ የ21 ዓመት ወጣት ነበር። የሚላክለትን ማሻሻያ አንድ በአንድ አይቶ ያስገባ ነበር። ከዐሥር ዓመት በኋላ ግን ከየአገሩ የሚጎርፈው ኮድ ከአንድ ሰው ዐቅም በላይ ሆነ።

በ2002 ቶርቫልድስ ቢትኪፐር የተባለ የኮድ ለውጥ መዝጋቢ ፕሮግራም መጠቀም ጀመረ። የላሪ ማክቮይ ኩባንያ ይሸጠው የነበረ፣ ኮዱ የተዘጋ ሶፍትዌር ነበር። ለሊኑክስ ፕሮግራመሮች ያለ ክፍያ ተሰጣቸው፤ ተቀናቃኝ መሣሪያ እንዳይሠሩ ግን ውሉ ያስራቸው ነበር። የነፃ ሶፍትዌር ንቅናቄ መሥራቹ ሪቻርድ ስቶልማን አጥብቆ ተቃወመ፤ ቶርቫልድስ አልሰማውም። እሱ የፈለገው ሥራ የሚያቀላጥፍ መሣሪያ ነበር፤ ቢትኪፐርም በእርግጥ አቀላጥፎለታል።

በ2005 ሳምባ የተባለው ሶፍትዌር ፈጣሪ የሆነው አውስትራሊያዊ አንድሩ ትሪጄል ከቢትኪፐር ሰርቨር ጋር የሚነጋገር የራሱን ፕሮግራም ጻፈ። ማክቮይ ተቆጥቶ ነፃውን ፈቃድ አነሣ። ቶርቫልድስም የወቀሰው ትሪጄልን ነበር። ትሪጄል ግን የቢትኪፐርን ውል የተቀበለ ሰው አልነበረም። በዚያው ዓመት ካንቤራ ላይ በተካሄደ ጉባኤ አሠራሩን በአደባባይ አሳየ፦ በቴልኔት ከሰርቨሩ ጋር ተገናኝቶ «ሄልፕ» ብሎ ሲጽፍ፣ ሰርቨሩ ራሱ የትእዛዞቹን ዝርዝር አወጣለት። በሩን የሰበረ ሰው የለም። እኔ በዚህ ጠብ ከትሪጄል ወገን ነኝ፤ ስንቱ ሰው የደከመበት ሥራ ታሪክ በአንድ ኩባንያ ይሁንታ ላይ መንጠልጠል አልነበረበትም።

ቶርቫልድስ በጊዜው የነበሩትን ክፍት መሣሪያዎች ቢያይም ፍጥነታቸው አላረካውም። ኤፕሪል 3 ጊት የተባለ የራሱን መሣሪያ መጻፍ ጀመረ፤ ኤፕሪል 7 ጊት የራሱን ኮድ መመዝገብ ቻለ። እያንዳንዱ ፋይልና ለውጥ የሚታወቀው ከይዘቱ በሚሰላ መለያ ነው፤ አንዲት ፊደል ብትነካ መለያው ይቀየራል፣ ስለዚህ ታሪኩን በስውር ማበላሸት ያስቸግራል። ሁሉም ፕሮግራመር ሙሉውን ታሪክ በራሱ ኮምፒውተር ይይዛል። ይህ ሐሳብ በቢትኪፐርም ነበረ፣ ምስጋናውን ልንነፍገው አይገባም። ልዩነቱ የጊት ኮድ እንደ ሊኑክስ ሁሉ በጂፒኤል ፈቃድ ለሁሉም መከፈቱ ነው፤ ታሪኩን ለማንበብ ማንንም ማስፈቀድ ቀረ።

በጁላይ ቶርቫልድስ የጊትን ኃላፊነት ለጁኒዮ ሃማኖ አስረክቦ ወደ ሊኑክሱ ተመለሰ። የቢትኪፐር ኮድ ለሁሉም የተከፈተው በ2016 ነው፤ ያን ጊዜ አብዛኛው ፕሮግራመር ወደ ጊት ከተሻገረ ቆይቷል።