ከ«ሕግ አምላክ» እስከ ፖሊስ ጣቢያ፦ ሕግ አስከባሪና ሕዝብ በሳንጃና በጎንደር ዙሪያ

የታች አርማጭሆ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ሳንጃ ከጎንደር ደጋ ወደ ሱዳን ጠረፍ በሚወርደው ቆላማ አገር የምትገኝ ሲሆን፣ አካባቢዋ ለረጅም ዘመን ከሕግ የሸሸ ሰው መደበቂያ፣ በጠላት ወረራ ጊዜ ደግሞ የአርበኛ ምሽግ ሆኖ ኖሯል። በዚህ ምክንያት የአገሬው ሰው ለፖሊስ ያለው አመለካከት «ቆለኛ ሕግ አይወድም» በሚል አጭር ፍርድ ሲታለፍ ይሰማል። ይህ ፍርድ ከታሪኩ ጋር አይገጥምም። ፖሊስ የሚባል መሥሪያ ቤት ከመቋቋሙ በፊት ሕግን ማስከበር የመላው ነዋሪ ግዴታ ሆኖ የኖረበት አገር ነውና፣ ሕዝቡ ትውልድ እየተቀባበለ ሲመዝን የኖረው አስከባሪው የሚመጣበትን ሰዓት፣ አብረውት የሚመጡትን ሰዎችና የሚያሳየውን አክብሮት ነው።

በጥንቱ ሥርዓት ተበዳይ ራሱ ከሳሽም ያዥም ነበር። «በሕግ አምላክ» ተብሎ የተጠራ ሰው ካለበት መቆም ይገባዋል፤ የሕግ አምላክ እየተጠራበት አልፎ የሄደ እንደሆነ ከመጀመሪያው በደል ሌላ ሕግን በመድፈር ይከሰሳል። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲጣሉ ያገኛቸው አላፊ አግዳሚም ዳኝነት ሲጠየቅ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ነገራቸውን ይሰማ ነበር፤ ይህም የመንገድ ዳኝነት ይባላል። ተከሳሹ በቀጠሮው ቀን እንደሚቀርብ የሚያረጋግጥለት ሰው፣ ማለትም ዋስ፣ ከጠራ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ዋስ ካጣ ግን ከከሳሹ ጋር በልብሳቸው ጫፍ ወይም በሰንሰለት ታስረው እስከ ዳኛው ድረስ አብረው ይጓዛሉ፤ የዚህ ስም ቁራኛ ነው። ከሳሽም የተከሳሽን ያህል በእስሩ ስለሚንገላታ በሐሰት ለመክሰስ የሚደፍር ሰው ሁለት ጊዜ ማሰቡ አይቀርም ነበር።

ወንጀለኛው ያልታወቀ እንደሆነ አውጫጭኝ ይጠራል። የአካባቢው ሰው ሁሉ በተቆረጠ ቀን በሜዳ ተሰብስቦ የሚያውቀውን በመሐላ እንዲናገር ይደረጋል፤ የቀረ ሰው መቀጫ ይከፍላል፤ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስም ስብሰባው ስለማይፈታ እርሻና ከብት ጠባቂ አጥተው ይሰነብታሉ። በመጨረሻ ሌባው ካልተገኘ የጠፋውን ንብረት ነዋሪው አዋጥቶ ይተካል። ሥርዓቱ ጎረቤትን በጎረቤት ላይ የሚያስነሣና ድሃውን ከሥራ የሚያስፈታ ከባድ ሸክም ነበር፤ ሆኖም ምርመራው የሚካሄደው በቀን፣ በአደባባይ፣ ሁሉም በሚተዋወቅበት ጉባኤ ፊት መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ጎንደር ከተማ ራሷ በአፄ ፋሲል ዘመን ከተቆረቆረች በኋላ ጸጥታዋ በብዙ እጅ የተከፋፈለ ነበር። በገበያው ቀረጥ የሚሰበስበውና ነጋዴዎችን የሚዳኘው ነጋድራስ ሲሆን፣ የመነኮሳት አለቃ የነበረው እጨጌ የሚኖርበት ሠፈር ደግሞ የመማፀኛ ቦታ ስለነበር፣ ከዚያ የገባን ሰው የንጉሡ ወይም የመኳንንቱ ጭፍራ ተከትሎ ሊይዘው አይችልም ነበር። የእጨጌ ቤት ተማፃኝ ከአሳዳጁ ጋር እርቅ ወይም ዳኝነት እስኪያገኝ ድረስ ጊዜ ይገዛ ስለነበር፣ ለከተማው ሰው መያዝ ብቻውን የነገር ፍጻሜ ሆኖ አያውቅም፤ በያዥና በተያዥ መካከል ሁልጊዜ አንድ አማላጅ ይቆማል።

አዲስ አበባ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የአራዳ ዘበኛ የሚባሉ የከተማ ጠባቂዎች ሲኖሯት፣ የጎንደር ገጠር በዚያ ጊዜ በጭቃ ሹምና በምስለኔ፣ ማለትም በመንደር ሹምና በገዥው ተወካይ፣ ሥር ነበር። ጎንደር በመጋቢት 1928 ዓ.ም. በኢጣሊያ እጅ ስትወድቅ ግን ካራቢኒየሪ የተባሉት የኢጣሊያ ወታደራዊ ፖሊሶች ገቡ። ቤት መፈተሽ፣ መሣሪያ መግፈፍና በጠቋሚ ቃል ሰው መያዝ የአገዛዙ የዘወትር ሥራ ሆነ፤ ከአገሬው የተቀጠሩት ባንዳዎችም መንገድ መሪና አስተርጓሚ ሆነው አብረው ዞሩ። የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው በር ሲመታ የሚሰማው ፍርሃት ከዚህ ዘመን ብዙ ወርሷል ማለት ይቻላል። ከጎንደር በስተ ደቡብ ያለው የቁልቋል በር ምሽግ ከካራቢኒየሪ ሻለቃ ጋር በኅዳር 12 ቀን 1934 ዓ.ም. ሲወድቅ፣ ጎንደርም ከስድስት ቀን በኋላ ነፃ ወጣች።

በዚያው ዓመት በአዋጅ ቁጥር 6 የኢትዮጵያ ፖሊስ በሕግ ተቋቋመ፤ በጥር 1934 ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተደረገው ስምምነት መሠረትም የእንግሊዝ መኮንኖች በአደረጃጀቱ ረዱ። ጎንደር የቤጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ስትሆን፣ ፖሊሱ በከተሞችና በዋና መንገዶች ዳር ተወስኖ ስለነበር የገጠሩ ጸጥታ ነጭ ለባሽ በሚባሉት ላይ ወደቀ። ነጭ ለባሽ ማለት የደንብ ልብስ የሌለው፣ የራሱን ጠመንጃ ይዞ በአገር ልብሱ ሽፍታ የሚያሳድድ የአካባቢ ሰው ነው። አገሬውን ስለሚያውቅ ሽፍታውን ለመከታተል ተስማሚ ነበር፤ ያው ዕውቀቱ ግን የቆየ ቂም እንዲወጣበት መንገድ ይከፍታል። በ1947 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ደግሞ የአጥቢያ ዳኝነት በአዋጅ ቁጥር 90 ተደነገገ፤ አጥቢያ ዳኛ አነስተኛ ነገሮችን በመንደሩ የሚያይና መጀመሪያ ለማስታረቅ የሚጥር ዳኛ በመሆኑ፣ ለገጠሩ ሰው ከፖሊስ ጣቢያ ይልቅ የመንግሥት የቅርብ ፊት እርሱ ነበር። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ፖሊስ የያዘውን ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲያቀርብ አዘዘ።

አዲሱ ሕግና የአገሩ ልማድ በግልጽ የተጋጩት በነፍስ ግድያ ነገር ነው። በደጋውም በቆላውም ሰው የገደለ ሰው በረሃ ይገባል፤ የአርማጭሆ ቆላም ለዚህ የተመቸ ነበር። ለፖሊስ ጉዳዩ የመንግሥትና የወንጀለኛው ሲሆን፣ ለአገሬው ግን የሁለት ዘመዳሞች ወገን ደም ነው፤ ገዳዩ ታስሮ ቢፈረድበት እንኳ ሽማግሌዎች ደም ካላደረቁ፣ ማለትም ካሣ አስከፍለውና አስምለው ሁለቱን ወገን ካላስታረቁ፣ የሟች ወንድም ወይም ልጅ ተበቃይ ሆኖ ይኖራል። ስለዚህ እርቁ ሲፈጸም ትናንት አየሁ ያለው ምስክር ዛሬ አላየሁም ይላል፤ መርማሪውም መዝገቡን ይዞ ባዶ እጁን ይቀራል። ፖሊስ ይህን ምስክር እንደ ዋሾ፣ ሕዝቡም መርማሪውን እርቅ እንደሚያፈርስ ሰው ማየታቸው የብዙ ዐሥርት ዓመታት ጥርጣሬ ሥር ነው። ከሽማግሌ ጋር ተማክሮ ተፈላጊውን ያስመጣ የፖሊስ አዛዥ ግን ጭፍራ ከሚያዘምት ይልቅ ሥራው የሚቀናለት መሆኑ በአካባቢው የታወቀ ነው።

የደርግ ዘመን ይህን ሁሉ ገለበጠው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የገበሬ ማኅበራትን፣ የሐምሌው የከተማ ቦታ አዋጅ ደግሞ ቀበሌዎችን መሠረተ፤ ከእነዚህም ጋር የፍርድ ሸንጎዎችና የአብዮት ጥበቃ ጓዶች መጡ። ፖሊስ ወደ ጎን ተገፍቶ የመያዝ ሥልጣን ለታጠቀ የሠፈር ወጣት ሲሰጥ፣ በቀይ ሽብር ወቅት በሻለቃ መላኩ ተፈራ አስተዳደር ሥር የነበረችው ጎንደር ልጆቿን በሌሊት እየተነጠቀች አደረች። ይህ ቁስል እስከ ዛሬ አልሻረም፤ ታሪክ ጸሐፊም በቀዝቃዛ ቃል ሊያልፈው አይገባም።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ፖሊስ በክልል ደረጃ ተደራጅቶ አብዛኛው ባልደረባ የአገሩን ቋንቋ የሚናገር የአገሩ ልጅ ሆነ፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም የ48 ሰዓቱን ገደብ በአንቀጽ 19 አጸናው። የዕለት ተዕለቱ ግንኙነት በመጥሪያ ወረቀት፣ ቃል በመስጠት፣ ለታሳሪ ስንቅ በማቀበልና ዋስ በመጥራት ሲያልፍ፣ የጦር መሣሪያ ምዝገባ ግን ጠመንጃን ከወንድነትና ከርስት ጋር ለሚያያይዝ ሕዝብ የማያቋርጥ የቅሬታ ምንጭ ሆኖ ቀጠለ። ሐምሌ 5 ቀን 2008 ዓ.ም. የፌዴራል የጸጥታ ኃይሎች የወልቃይት ማንነት ጥያቄ ኮሚቴ አባል የነበሩትን ኮሎኔል ደመቀ ዘውዱን ለመያዝ በጎንደር ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ተኩስ ተከፍቶ ሰዎች ሞቱ፤ ኮሎኔሉ በመጨረሻ እጃቸውን የሰጡት ለክልሉ መንግሥት ነበር። በዚህ ድርጊት ውስጥ የፖለቲካው ጥያቄ ሰፊ ቢሆንም፣ ማን ነው የሚይዘው የሚለው የአገሩ የቆየ ጥያቄ አብሮ ቆሟል። በሐምሌ 2015 በአማራ ክልል የታወጀውና በጥር 2016 የተራዘመው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መያዝን ሲፈቅድ፣ በመደበኛው ፖሊስና በነዋሪው መካከል በዝግታ ሲገነባ የነበረው መተማመን ክፉኛ ተጎዳ።

የአጥቢያ ዳኞች መዛግብት፣ የነጭ ለባሽ ስም ዝርዝሮችና የእርቅ ጉባኤዎች ውሳኔ በየወረዳው ጽሕፈት ቤትና በየቤቱ ተበትነው ለእሳትና ለምስጥ የተጋለጡ ናቸው። ሥርዓቱን በዓይናቸው ያዩት ሽማግሌዎችም በዕድሜ እየገፉ ናቸውና፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የታሪክና የሕግ መምህራን፣ የወረዳዎቹ የባህል ጽሕፈት ቤቶችና የፖሊስ ኮሚሽኑ ራሱ የሽማግሌዎቹን ቃልና መዛግብቱን ሳይውሉ ሳያድሩ ሊቀዱትና ሊያሰባስቡት ይገባል።